የላቲኑ ዜማና የእትዬ ዓለሚቱ እልልታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አፌ ነው ጠላቴ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያለ፣ «በሚቀጥለው እሁድ ይሄ ሕዝብ ዳዊቱን አንድ ላይ ካልዘመረ ስሜን ቀይሩት!» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ራሴ ዘልዬ የገባሁበት ነው።

ነገሩ የመጣው ከአባ ማቴዎስ ነው። አባ ሉቃስ፣ ሽማግሌው ፈረንጅ የካቶሊክ ቄሳችን፣ እሁድ የመጨረሻ ቅዳሴያቸውን ቀድሰው ወደ ሀገራቸው ይገባሉ። ሳንባቸው የደብረ ብርሃንን ብርድ አልቻለም። በሳቸው ቦታ የመጡት አባ ማቴዎስ ገና ወጣት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እኔና አባ ሉቃስ ሦስት ዓመት የለፋንበትን ነገር ሰምተው ምን አሉ? «ጥሩ ነው ደረጀ። ግን የምትዘምሩት ሦስት ሰዎች ናችሁ። ሌላው ቆሞ ያያችኋል። እንዲህ ከሆነ ከፍላሽ ብናጫውትስ?»

ከፍላሽ! እኔ ቆሜ!

«እሁድ ሕዝቡ ከዘመረው ይቀጥላል። ካልዘመረው ስፒከሩን እናስገባለን» አሉ። በቃ። አባ ሉቃስ አጠገባቸው ቆመው ነበር፣ ትንፍሽ አላሉም። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

የለፋንበት ምንድነው? አባ ሉቃስ የጥንት የላቲን ዜማ ያውቃሉ። ግሪጎሪያን ይባላል። ከበሮ የለ፣ ኦርጋን የለ፣ ድምፅ ብቻ። እሳቸው ያዜሙልኛል፣ እኔ ደግሞ የአማርኛውን ዳዊት በልኩ እሰፋበታለሁ። ኖታ አላነብም። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ግን አንድ ዜማ ሁለቴ ከሰማሁ አለቀ፣ ሦስተኛው ለምን? በዚህ ከተማ እንደኔ ዓይነት ጆሮ ያለው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ሰው ስድስት ቀን አነሰኝ ይላል እንዴ? እኔ አልልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ውርጭ። ባጃጁ አልነሳም ብሎ ግማሽ ሰዓት ገፋሁት። እየገፋሁ ዘመርኩ፣ እየዘመርኩ ገፋሁ።

የመረጥነው ያ ሰውዬ ተራራ ተራራውን እያየ ረዳት የሚጠብቅበትን ዳዊት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንኮበር ጫፍ ላይ ቆሞ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ለሕዝቡ እንዴት እንደማስረዳ ዛሬ ነው የመጣልኝ። ዜማው መንገድ ነው። መነሻው ላይ ትንሽ ዳገት አለች። ከዚያ ሜዳ። ሜዳው ላይ የፈለግከውን ያህል ቃል በአንድ ድምፅ ትነዳለህ። መሃል ላይ ኬላ አለ፣ ቆመህ ዝም ትላለህ። ከዚያ እንደገና ሜዳ። መጨረሻ ላይ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው ቁልቁለት፣ ቀስ ብለህ፣ ፍሬን ይዘህ። ይሄን የሚያህል ማብራሪያ የትኛው የተማረ ሰው ይሰጣል?

አንድ ጣጣ ግን አለ። ላቲኑ መጨረሻው ላይ ለስለስ ይላል። አማርኛ ደግሞ ዋናዋን ቃል የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ይጮሃል፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እንደበጠሰ የጭነት መኪና ይወርደዋል። ከምሳ በፊት ተራ እየጠበቅኩ ሃያ ጊዜ ሞከርኩት። ከዚያ ቁልቁለቱን አንድ ቃል ቀደም አድርጌ ጀመርኩት። ዋናዋ ቃል ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሜዳ ላይ አረፈች! ሠራ! ብቻዬን ባጃጅ ውስጥ ጮህኩ።

የቀሩኝ፦
– ሦስተኛው ቁጥር በጣም ይረዝማል፣ ለሁለት መቆረጥ አለበት
– ግማሹ ሰው ማንበብ አይችልም፣ በቃል ማስጠናት
– ኬላው። አባ ሉቃስ «ዝምታውን አደራ» ብለዋል
– ነገ ልምምድ እንዳለ ለእትዬ ዓለሚቱ መናገር። እሳቸው ከመጡ ግማሹ ሰው መጣ ማለት ነው

ከሰዓት አንድ መሪጌታ ከገበያ አሳፈርኩ። እኔ እየዘመርኩ ነበር።

«አንተ፣ ይሄ ግዕዝ ነው ዕዝል?» አሉኝ።

«የላቲን ነው አባቴ።»

«እኔስ ፍየል የታነቀች መስሎኝ ነበር።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ዝም አላልኩም። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ከመድረሻቸው በፊት ወረዱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ገደልኩት። ራሴ ገደልኩት።

ልምምዱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ባጃጅ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግባት ስላለበት ከዚያ በላይ አላመሽም። ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ሃያ ስድስት! አሥራ ሁለቱ እትዬ ዓለሚቱና ይዘዋቸው የመጡት ናቸው። እትዬ ዓለሚቱ ሱፍ ፈትለው ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች የሚሸጡ፣ ስልሳ ያለፋቸው፣ የአንኮበር ልጅ። ሦስት ምራቶቻቸውና የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሳቸው ያሉትን ነው የሚያደርገው። ድምፃቸው ከታች ሰፈር ይሰማል።

የመንገዱን ነገር አስረዳኋቸው። ወደዱት። ዳገቱን ወጣን፣ ሜዳውን ነዳን፣ እኔ ራሴ አላመንኩም። «እዚህ ጋ ኬላ አለ፣ ቁሙ! በልባችሁ አንድ፣ ሁለት በሉ» አልኩ።

አንድ ሳይሉ፣ እልልልልልል!

እትዬ ዓለሚቱ ናቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ዝም ነው የሚባለው።»

«ወይ ጉድ፣ ዝም ብሎ ምስጋና አለ? ለቀስተኛ እንኳ እንዲህ አይዘጋም።»

«የላቲን ሥርዓት ነው።»

«ታዲያ ላቲኑ ይምጣና ዝም ያሰኘኝ!»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። እንደገና ጀመርን። ኬላው ላይ እልልታ። እንደገና። እልልታ። አንዷ ምራታቸውም ጨመረችበት። በአምስተኛው ላይ እሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፣ ግን በጣታቸው መሃል አመለጣቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በኔ የሳቁ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እልልታሽን ሰርግ ቤት ውሰጂው! እዚህ የሚፈለገው ዜማ የሚያውቅ ሰው ነው!» አልኩ።

አንቺ አልኳቸው። እናቴን የቀበሩ ሴት ናቸው።

ያ ስለምነው የዋልኩት ዝምታ ያኔ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ተከተሏቸው። የቀረውም ሰው «መሸ» እያለ ተበተነ። ገና አልመሸም ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አራት ሰው መጣ። አንደኛው ጋሽ ከበደ ናቸው፣ ጆሯቸው አይሰማም።

ያም ሆኖ አዘመርኳቸው። ጋሽ ከበደ ኬላው ላይ አልቆሙም፣ ብቻቸውን ነድተው ደብረ ሲና ገቡ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አባ ሉቃስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባና ተከናንበው። ሁሉንም ሰምተዋል። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያ ዝምታ ለምን የተደረገ ይመስልሃል?»

«ሥርዓት ነዋ አባ።»

«ለትንፋሽ ነው። አንዱ የአንዱን ትንፋሽ እንዲሰማ። ለኩራት መሰለህ?»

 ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ወጣት ሆነው ሲመጡ እሳቸውም ይሄንኑ ሞክረዋል። ሕዝቡ አልዘመረም። ተቆጡ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ ተውት። ብቻቸውን ሲያዜሙ ኖሩ። «አንተ ስትመጣ፣ ይሄ ደፋር ነው፣ እኔ የተውኩትን ይጨርሰዋል አልኩ» አሉኝ።

ከዚያ ሳሉ። ረጅም ሳል።

እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አይተው የመረጡኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ራሳቸው ያልጨረሱትን ሥራ ነው የሰጡኝ። እንዴት ነው እሁድ ፊታቸውን የማየው?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

እትዬ ዓለሚቱ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ። የሄድኩት ጠዋት ነው፣ ሰው ሳያየኝ። ሽማግሌ ይዞ መሄድ እንደሚገባ ጠፍቶኝ አይደለም። ሽማግሌ ከያዝኩ ነገሩ ትልቅ ይሆናል ብዬ ነው። ውሸቴን ነው። አፍሬ ነው።

ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። ቀና አላሉም።

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

እንዝርቱ ይሽከረከራል።

«ጥፋተኛ ነኝ እትዬ። ተናድጄ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሽማግሌህ የታሉ?»

«ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ብቻውን የሚመጣ ሌባ ነው። ስኳርህን ይዘህ ሂድ፣ እኔ ሻይ በጨው ነው የምጠጣው።»

አንዷ ምራታቸው፣ ትንሿ፣ ዘነበች፣ በር ውስጥ ሆና ሳቋን ስትይዝ ሰማሁ። ልሄድ ዞርኩ። ያኔ ነው እንዝርቱን ያቆሙት።

«ስማ ደረጀ። እኔ ማንበብ አልችልም። ቃሉን ዛሬ ብታስጠናኝ ነገ ይጠፋኛል፣ ጭንቅላቴ አርጅቷል። ወንጌሉን አባ ያነባሉ፣ መዝሙሩን እናንተ ሦስታችሁ ትዘምራላችሁ። ለኔ የቀረችኝ እልልታዬ ናት። እሷን ሰርግ ቤት ውሰጃት አልከኝ። እሺ፣ ወሰድኳት። እሁድ አልመጣም።»

ምን ይባላል? እኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው፣ ስኳሬን ታቅፌ ቆምኩ። መንገዱን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ተሳፋሪ እጁን ሲያነሳልኝ አልፌው ሄድኩ።

ስኳሩ እስካሁን ባጃጁ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ስልኬ ላይ የአባ ሉቃስን የድምፅ ቅጂ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ዜማው አስጠላኝ። ከዚህ በፊት አስጠልቶኝ አያውቅም።

የጨበጥኩት ምንድነው? ትምህርት የለኝ። ባጃጁ የኔ አይደለም። እናቴ ሞታለች። የነበረችኝ ይቺ ጆሮ ናት። እሷም ሰው ማባረር እንጂ ሰው መሰብሰብ አታውቅም። የዘመርኩት ለማን ነው? ሦስት ዓመት ሰው እንዲያየኝ ነው እንዴ የዘመርኩት? ጥያቄው ራሱ አስፈራኝና ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አባ ሉቃስ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። አንቺ ማለቴን፣ ስኳሩን፣ ሌባ መባሌን። ሻንጣ እያዘጋጁ ነበር። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረው።

«ተነስ፣ ባጃጅህን አምጣ» አሉኝ።

«ብርድ ነው አባ፣ ሳንባዎ...»

«አምጣ አልኩህ!»

በባናቸው ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው። የእትዬ ዓለሚቱ ሰፈር መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ያስላቸዋል።

እትዬ ዓለሚቱ ሲያይዋቸው እንዝርቱን ጥለው ተነሱ። እጃቸውን ስመው አስገቡን። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፣ ማንም ተቀመጥ አላለኝም።

«ያጠፋው እሱ ነው» አሉ አባ፣ «ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ዝምታውን አስተማርኩት እንጂ ሰውን አላስተማርኩትም። ይቅር በይን።»

በጉልበቴ ወደቅሁ። ማንም ሳይለኝ። የእትዬን እግር ልይዝ ስል ሸሸት አደረጉት።

እትዬ ዓለሚቱ እኔን ትተው ወደ አባ ዞሩ። ከዚያ፦

«ለርስዎ ስል ነገ እመጣለሁ አባቴ። እሸኝዎታለሁ። ድምፄን ግን አልሰጥም።»

ስንመለስ አባ ሉቃስን ግቢ ውስጥ ደግፌ ሳወርዳቸው እጃቸው እንደ በረዶ ነበር። ለዚህ ነው ያወጣኋቸው? ከታመሙስ?

እሁድ፣ ኅዳር 14

ከሰዓት ነው። አሁን ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ ነው የማወራው። ራሴን አውቀዋለሁ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። የአባ ሉቃስ መሰናበቻ ስለሆነ ሩቅ ያሉት ሁሉ መጥተዋል። እትዬ ዓለሚቱ በሴቶቹ በኩል ከፊት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው።

ዳዊቱ ደረሰ። ጀመርኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ሰዉ ገባ፣ ካሰብኩት በላይ። ኬላው ጋ ደረስን። ዝም። አንድም እልልታ የለም። አንድ፣ ሁለት። ልክ እንደ ላቲኑ። ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ ስጀምር እኔና ሁለቱ ጓደኞቼ ብቻ ነን። ሴቶቹ ሁሉ እትዬ ዓለሚቱን ያያሉ፣ እሳቸው አፋቸው እንደተሸፈነ ነው። ሴቶቹ ሲያቆሙ ወንዶቹም ፈሩ።

ሁለተኛው ቁጥር ባሰ። በሦስተኛው የመጀመሪያው ግማሽም ሳሳ። አባ ማቴዎስ አንገታቸውን ደፍተዋል። ስፒከሩ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ለካ ቀድመው አምጥተውታል።

በአራተኛው ኬላ ላይ ቆምኩና መቀጠል አቃተኝ። አስቤበት ቢሆን ኖሮ እኮራበት ነበር። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ በቃ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አምስት። ሰው ሁሉ አየኝ። ያን ጊዜ ከመንበሩ በኩል የአባ ሉቃስ ደረት ሲያፏጭ ተሰማ። ሲስቡት፣ ሲያወጡት። ቤቱ ሁሉ ሰማው። አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ሳበች።

ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሁለተኛውን ግማሽ አነሳችው። ዘነበች ናት፣ ትንሿ ምራት። በጣም ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው፣ እኔ ብሆን እንዲህ ዝቅ አላደርገውም። ሌሎቹ ተከተሏት። ወንዶቹም። ቁልቁለቱን ማንም በፍሬን አልወረደውም፣ ዋናዋ ቃል ላይ ጮሁባት፣ የማክሰኞ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ግን እስከ መጨረሻው ቁጥር ዘመሩ። እኔ አልመራሁም። ድምፄ ቢኖርም አልመራም ነበር።

እትዬ ዓለሚቱ አፋቸውን አልከፈቱም። እስከ መጨረሻው። ለአባ ሉቃስ ሽኝት ከበሮ ሲመታ እንኳ አልከፈቱም። እሳቸው ያላሉትን ሌላ ሴት አይጀምርም። አባ አንድም እልልታ ሳይሰሙ ሄዱ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረው ያለ እልልታ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

መኪናው አምስት ሰዓት ላይ ተነሳ። ከመግባታቸው በፊት ጭንቅላቴን ያዙ። ስለ ዜማው ምንም አላሉም። «ጉንፋን እንዳይዝህ» አሉኝ። እሳቸው ለኔ! መስታወቱን ዘግተው ሄዱ። ካሁን በኋላ አላያቸውም። ይሄን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አይናገረውም።

አባ ማቴዎስ ጠሩኝ። «ዘመሩ ልበል ወይስ አልዘመሩም? እውነቴን ነው፣ እኔም አላወቅኩም። አንድ እሁድ ልጨምርልህ፣ ሐሙስ ተለማመዱ» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አያችሁ!» ብዬ ከተማውን እዞር ነበር። ቀሚሳቸውን እያየሁ «እሺ አባ» ብቻ አልኩ።

ልወጣ ስል እትዬ ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«የትናንቱ አይቆጠርም» አሉ።

«ምኑ እትዬ?»

«ሽማግሌህ። የሚሄድ ሰው ሽማግሌ አይሆንም፣ ነገ ብትበድለኝ ማንን ልክሰስ? ሁለት ያገር ሰው ላክ። ቁም ነገር ያላቸው። ከሐሙስ በፊት።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ይቅር አሉኝ? አላሉኝም። ግን ሐሙስ ልምምድ እንዳለ ማን ነገራቸው?

ይኸው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ሽማግሌ እቆጥራለሁ። ጋሽ ከበደ ይስማሙ ነበር፣ ግን ምን እንደተባለ አይሰሙም። ሌላ? የሰፈሬን አሰብኩ፣ የተራውን አሰብኩ፣ የገበያውን አሰብኩ። ስማቸውን የማውቃቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ስለኔ አንድ ደግ ቃል የሚናገር ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ነገ በእግሬ እየዞርኩ እለምናለሁ። አራት ቀን አለኝ። ይበቃኝ እንደሆነ አላውቅም።